ምንም አገልግሎት በሌለው ጫካ በነፃ ድንኳን ተክሎ ማደር፦ በአሜሪካ ናሽናል ፎረስቶች እንዴት እንደሚሰራ

ጠረጴዛ፣ ቧንቧና መጸዳጃ ቤት ያላቸው የአሜሪካ ካምፖች በሰመር ቅዳሜና እሁድ ባዶ ቦታ አይገኝባቸውም፤ ብዙዎቹ ከወራት በፊት ተይዘው ያልቃሉ። ከእነሱ አለፍ ብሎ ግን ቦታ ማስያዝም ክፍያም የማይጠይቅ ሰፊ ደን አለ። ፎረስት ሰርቪስ የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት 154 ናሽናል ፎረስቶችን ያስተዳድራል፤ አብዛኞቹ ከተዘጋጀ ካምፕ ውጪ ድንኳን ተክሎ ማደርን ይፈቅዳሉ። በአገሩ አጠራር ዲስፐርስድ ካምፒንግ ይሉታል። ውሃ የለም፣ ሽንት ቤት የለም፣ የቆሻሻ መጣያ የለም፣ ብዙ ጊዜ ስልክም አይሰራም። ነፃ የሆነውም ለዚሁ ነው፤ ካምፑ ያቀርብላችሁ የነበረውን ሁሉ ከቤት ጭናችሁ ትሄዳላችሁ።

ከዚህ በታች ያለው በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ለሚኖሩ ቅርብ የሆነውን፣ በአብዛኛው ቨርጂኒያ ውስጥ ያለውን የጆርጅ ዋሽንግተንና ጄፈርሰን ናሽናል ፎረስት በምሳሌነት ይዞ የተጻፈ ነው። ዴንቨርም ሲያትልም ያላችሁ ሥራው ያው ነው፤ የየደኑን ደንብ ግን ለየብቻ ጠይቁ።

መጀመሪያ፦ መሬቱ የማን እንደሆነ ማጣራት

ሰው አብዝቶ የሚሳሳተው ናሽናል ፓርክንና ናሽናል ፎረስትን አንድ አድርጎ በማየት ነው። ፓርኩ በአገር ውስጥ ሚኒስቴር ሥር ነው፤ ፎረስቱ በግብርና ሚኒስቴር ሥር። ደንባቸውም ይለያያል። በሸናንዶዋ ናሽናል ፓርክ ከካምፕ ውጪ ለማደር ፈቃድ ማውጣትና በእግር ወደ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ከፓርኩ ሸለቆ ተሻግሮ በስተምዕራብ የሚታየው የማሳኑተን ተራራ ግን በአብዛኛው የፎረስቱ ነው፤ እዚያ ለተራ አዳር ፈቃድ አይጠየቅም። ካርታ ላይ አረንጓዴ የተቀባ ሁሉ የመንግሥት እንዳይመስላችሁ፤ በፎረስቱ ክልል ውስጥ የግል መሬቶች ተሰንቅረው ይገኛሉ። «መግባት ክልክል ነው» የሚል ምልክት ወይም ዛፍ ላይ የተቀባ ወይን ጠጅ ቀለም ካያችሁ ተመለሱ፤ ያ ቀለም በቨርጂኒያ ሕግ እንደ ክልከላ ምልክት ይቆጠራል።

ቀጥሎ ሞተር ቬሂክል ዩዝ ማፕ የሚባለውን ነፃ ካርታ ያዙ። በየሬንጀር ቢሮው፣ ማለትም በፎረስት ሰርቪስ የአካባቢ ቢሮዎች፣ ታትሞ ይገኛል፤ አቬንዛ በሚባለው መተግበሪያ ስልክ ላይ ማውረድም ይቻላል። የትኛው መንገድ ለመኪና ክፍት እንደሆነና ከየትኛው ወር እስከ የትኛው እንደሚከፈት ያሳያል። ግራና ቀኙ በነጥብ የታጀበ መንገድ ካያችሁ፣ በተወሰነ ርቀት ከመንገዱ ወጥቶ መኪና አቁሞ ማደር ይፈቀዳል ማለት ነው። ርቀቱ ስንት እንደሆነ እዚያው ካርታው ላይ ተጽፏል። ካርታው ወንዝም ኮረብታም እምብዛም ስለማያሳይ ብቻውን መንገድ አይመራም፤ ሌላ ካርታ ከመስመር ውጪ እንዲሠራ አድርጋችሁ ጨምሩበት።

ከዚያ ለሬንጀር ቢሮው ደውሉ። ቢሮዎቹ ባብዛኛው ቅዳሜና እሁድ ዝግ ናቸው፤ ስለዚህ ከዓርብ በፊት ይሁን። የሚጠየቀው፦ እሳት ማንደድ ተከልክሏል ወይ? የምንሄድበት መንገድ ክፍት ነው? ምግብ ድብ በማይከፍተው ሣጥን መቀመጥ አለበት የሚል ትዕዛዝ አለ? ከውሃ ምን ያህል እንራቅ? ስንት ሌሊት ይፈቀዳል? በአብዛኛው ደን ጣሪያው 14 ቀን ነው፤ ያነሰበትም አለ።

ለማኅበር፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት ወይም ለዕድር የምታዘጋጁ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። በናሽናል ፎረስት 75 ሰውና ከዚያ በላይ ሆኖ መሰብሰብ ፈቃድ ይጠይቃል። ለትርፍ ካልሆነ ክፍያ የለውም፤ ማመልከቻው ግን ቀደም ብሎ መግባት አለበት። ከዚያ ባነሰ ቁጥርም ቢሆን ሠላሳ ሰው ሽንት ቤት በሌለበት ጫካ ማሳደር ጥሩ ሐሳብ አይደለም። ለእንዲህ ያለው የቡድን ካምፕ መከራየት ይሻላል፤ ይህ ዓይነቱ አዳር የሚያምረው ከስድስት ሰባት ሰው ባልበለጠ ነው።

ቦታ መምረጥ

ፀሐይ ከመጥለቋ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። የአዳሩ ነገር ባብዛኛው የሚበላሸው በጨለማ ቦታ ሲፈለግ ነው፤ ሰው ሲደክመው ያገኘው ላይ ይተክላል።

ሰው ቀድሞ ያረፈበትን ፈልጉ፦ ሣሩ ያለቀ፣ አፈሩ የተጠቀጠቀ፣ አሮጌ የድንጋይ ምድጃ ያለው። አዲስ ቦታ መመንጠር አያስፈልግም። ከወንዝ፣ ከምንጭና ከእግር መንገድ 200 ጫማ ማለትም 60 ሜትር ያህል ራቁ፤ በአዋቂ እርምጃ ከ70 እስከ 80 ነው። መኪና የምትይዙ ከሆነ አጠራጣሪውን መንገድ ወርዳችሁ በእግር እዩት፤ ዝቅ ያለ ሴዳን ለመግባት ሳይሆን ለመዞሪያ ነው ቦታ የሚያጣው። መኪናውን በብረት በር ፊት አታቁሙ፣ በረዥም ደረቅ ሣር ላይም አታቁሙ፤ ከመኪናው ሆድ ሥር ያለው የጭስ ማውጫ ሙቀት ሣር ያቀጣጥላል።

ድንኳኑን ከማውረዳችሁ በፊት ቀና በሉ። በምሥራቁ ደን አሽ የሚባለው ዛፍ ኤመራልድ አሽ ቦረር በተባለ ጥንዚዛ ምክንያት በብዛት ደርቆ ቆሟል። በሰመር ቅጠል የሌለው፣ ልጡ የተላጠ፣ ቅርንጫፉ የተንጠለጠለ ዛፍ ካያችሁ ከቁመቱ አንድ ተኩል እጥፍ ራቁ። ነፋስ ባይኖርም ይወድቃል። ቀጥሎ ወደ ታች እዩ፦ ቅጠልና ጭራሮ በአንድ አቅጣጫ ተነጥፎ የተከማቸበት ጎድጓዳ ውሃ የሄደበት ነው። ሸለቆ ውስጥ ቀዝቃዛ አየር ሌሊት ይተኛል፤ ከወንዙ ጥቂት ከፍ ያለ ሜዳ ይሞቃል፣ ድንኳኑም ጠዋት በጤዛ አይርስም። መጨረሻ ላይ ባዶው መሬት ላይ ተጋደሙ። ዓይን ሜዳ ያለውን ጀርባ ዳገት ይለዋል፤ ራስጌው ወደ ከፍታው ይሁን።

ውሃ

ለመጠጥና ለማብሰያ በሰው በቀን 4 ሊትር ያዙ። ሦስት ሰው ዓርብ ማታ ገብቶ እሁድ ከሰዓት ቢወጣ 30 ሊትር ያህል ማለት ነው፤ እሳት የምታነዱ ከሆነ ለማጥፊያ 20 ሊትር ለብቻ ጨምሩ። በአንድ ትልቅ ጀሪካን አትያዙት፤ ቢቀደድ ሁሉም ያልቃል።

የወንዝ ውሃ ጥሩ ቢመስልም ጃርዲያ የሚባል ሆድ የሚያውክ ተውሳክ ሊኖርበት ይችላል። ሽቅብ እየተንፈቀፈቀ አንድ ደቂቃ ይፍላ፤ ከ6,500 ጫማ በላይ ከሆናችሁ፣ ለምሳሌ በኮሎራዶ ተራሮች፣ ሦስት ደቂቃ። 0.1 ማይክሮን ማጣሪያ ባክቴሪያንና ጃርዲያን ይይዛል፣ ቫይረስን አይዝም። አንድ ጊዜ ውሃ ያለፈበት ማጣሪያ ከቀዘቀዘና በረዶ ከሠራ ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ከውጪ ምንም አይታይም፣ ውሃውም እንደ ወትሮው ይወርዳል። በብርድ ወቅት መኝታችሁ ውስጥ ይደር።

እሳት፣ ከሰልና ቡና

የእሳት እገዳ ሲወጣ ብዙ ሰው «እኛ ከሰል ነው የምናነደው» ብሎ ያልፋል። እገዳው ብዙውን ጊዜ ከሰልንም ይጨምራል፤ የቡናው ማንደጃና የዕጣን ማጨሻው ሳይቀሩ ማለት ነው። በእንዲህ ያለው ወቅት በተለምዶ የሚፈቀደው ነዳጁ በቁልፍ የሚዘጋ ቡታጋዝ ነው። እሱም የሚታገድበት ጊዜ ስላለ ጠይቁ። በካሊፎርኒያ ደግሞ እገዳ ባይኖርም ከተዘጋጀ ካምፕ ውጪ ለቡታጋዝ ጭምር ነፃ የእሳት ፈቃድ ያስፈልጋል። የሸክላ ጀበና ጠባብ ነበልባል ባለው ካምፕ ቡታጋዝ ላይ ቀጥታ ሲጣድ ይሰነጠቃል፤ የብረት ጀበና ያዙ ወይም እሳቱን በጣም ዝቅ አድርጉ። ቄጠማ አትጨዱ።

እሳት ከተፈቀደ ባገኛችሁት ምድጃ ብቻ፣ መሬት ላይ የወደቀና የደረቀ፣ ከአንባር እጅ ያልወፈረ እንጨት አንድዱ። ማገዶ ከከተማ ጭናችሁ አትሂዱ፤ ያ ዛፍ ያደረቀው ጥንዚዛ ከቦታ ቦታ የሚዛመተው አንድም በማገዶ ነው። ለማጥፋት፦ ውሃ አፍስሱ፣ በአካፋ አማስሉ፣ ደግማችሁ አፍስሱ። መንተክተኩ ሲቆም የእጃችሁን ጀርባ አስጠጉ፤ ሙቀት ካልተሰማችሁ አመዱን ንኩት። ከሞቀ ገና ነው። በአፈር መሸፈን ማጥፋት አይደለም፤ ረመጡ ከሥር ቀኑን ሙሉ ይቆይና ነፋስ ሲገልጠው ይነሳል።

ምግብና ድብ

ለዚህ ዓይነት አዳር የአገር ቤት ስንቅ ከሱቅ የካምፕ ምግብ ይበልጣል። በሶ፣ ቆሎና ጭኮ እሳት አይፈልጉም። ድርቆሽ በደንብ ከደረቀ፣ ማለትም ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ፣ ሳምንትም አይበላሽም፤ ትኩስ እንጀራ ግን በሰመር ሙቀት በሁለት ሦስት ቀን ይሻግታል። ምጥን ሽሮ ውሃና ዘይት ብቻ ነው የሚፈልገው፦ ለአንድ ስኒ ሽሮ ከሦስት እስከ አራት ስኒ ውሃ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል። ንጥር ቅቤ ይቅር፤ ይቀልጣል፣ ይፈሳል፣ ሽታውም ከልብስ አይለቅም።

ይህ ሽታ ነገር ቀልድ አይደለም። የቨርጂኒያ ደን ጥቁር ድብ አለበት፣ አፍንጫውም ከውሻ ይበልጣል። ምግብ፣ ቆሻሻ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቅባት፣ ያልታጠበ ድስት ድንኳን ውስጥ አይገቡም። መኪና ቅርብ ከሆነ መስኮቱ ተዘግቶ ተቆልፎ እዚያ ይደር። ከሌለ በገመድ ስቀሉት፦ ከመሬት 12 ጫማ፣ ከግንዱ 6 ጫማ ርቆ፣ ከድንኳኑ ቢያንስ 200 ጫማ። ዝቅ ባለ ቅርንጫፍ ግንዱን አስጠግቶ የተሰቀለ ስንቅ ለድብ የተዘጋጀ ነው። በምዕራቡ አገር መኪና የሚሰብሩ ድቦች ያሉበት ስላለ፣ እዚያ ድብ የማይከፍተው ሣጥን ያዙ።

ዕቃ ወንዝ ውስጥ አትጠቡ፣ «ለአካባቢ ተስማሚ» በተባለው ሳሙናም ቢሆን። እጣቢውን አጥልሉ፤ ፍርፋሪው ቆሻሻ ከረጢት ውስጥ፣ ውሃው ከወንዝ 200 ጫማ ርቆ በሰፊው ይረጭ።

ሽንት ቤት

ከውሃ፣ ከመንገድና ከድንኳን 200 ጫማ ራቁ። በትንሽ አካፋ ከ6 እስከ 8 ኢንች፣ አንድ ስንዝር ያህል ጥልቀት ቆፍሩ። ከዚያ በታች ቆሻሻውን የሚያበሰብሱት ነፍሳትና ባክቴሪያዎች ይቀንሳሉ፣ ቶሎ አይበሰብስም፤ ከዚያ በላይ ደግሞ እንስሳ ይጭረዋል። በውሃ መታጠብ የለመደ እዚያው ጉድጓዱ ላይ ይታጠብ፤ ወረቀት መሸከም ይቀርለታል። ወረቀት የተጠቀመ በተዘጋ ላስቲክ ይዞት ይመለስ። የሕፃን እርጥብ መጥረጊያ ፕላስቲክ ስላለበት አይቀበርም። በአፈሩ መልሳችሁ ሙሉት፣ በቅጠል አልብሱት። ድንጋይ መጫን መበስበሱን ያዘገያል እንጂ አይረዳም።

ሌሊቱ

በየ1,000 ጫማ ከፍታ ሙቀቱ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ፋረንሃይት ይወርዳል። ዲሲ ውስጥ 55 ሲሆን 4,000 ጫማ ላይ ከ35 እስከ 43 ነው። ብርዱ የሚመጣው ከመሬት ነው፤ ብርድ ልብስ መደራረብ አያድንም። ለፀደይና ለመኸር አር ቫልዩው (ከመሬት ብርድ የመከላከል አቅሙን የሚገልጸው ቁጥር) 3 ወይም 4 የሆነ ምንጣፍ ፈልጉ። ለእንግዳ የሚነፋው ወፍራም የአየር ፍራሽ ይመቻል ግን ይቀዘቅዛል፤ ውስጡ ያለው አየር እየዞረ ሙቀታችሁን ለመሬት ይሰጣል።

የጋለ ከሰል ማንደጃ ወይም የበራ ቡታጋዝ ድንኳን ውስጥ በፍጹም አይግባ፣ በሩ ተከፍቶም ቢሆን። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው አይነቃም።

ለመዥገር፣ ከመሄዳችሁ በፊት ልብስና ጫማ ላይ ፐርመትሪን እርጩና አድርቁት። ቆዳ ላይ አይደረግም። ማታ ማታ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብትና የፀጉር ሥር ፈትሹ። የተጣበቀ ካለ በቀጭን ወረንጦ ቆዳውን አስጠግታችሁ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ጋዝ መቀባትና ማቃጠል ጭራሽ ያባብሳል። በሚቀጥሉት ሳምንታት ሽፍታ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ መዥገር እንደነከሳችሁ ንገሩ፤ ላይም የሚባለው በሽታ በጊዜ ከተያዘ በመድኃኒት ይድናል። በኅዳር የአጋዘን አደን ወቅት ደማቅ ብርቱካናማ ኮፍያና ሰደርያ ልበሱ፣ ልጆችንም አልብሱ።

ከመነሳታችሁ በፊት ቤት ለሚቀር ሰው የመንገዱን ቁጥር፣ የመኪናውን ታርጋና የመመለሻ ሰዓት በጽሑፍ ስጡት፤ ከዚያ ሰዓት በኋላ ስንት ሰዓት ጠብቆ 911 እንደሚደውልም ተስማሙ። አይፎን 14 እና ከዚያ ወዲህ የወጡት በሳተላይት የአደጋ መልእክት ይልካሉ። ሰማይ በግልጽ መታየት አለበት፤ ጥቅጥቅ ካለ ዛፍ ሥር ይዘገያል ወይም አይሄድም። ቤት ሳላችሁ በመለማመጃው ሞክሩት።

ስትወጡ ድንኳኑን አንስታችሁ አንድ ሰው አቀርቅሮ ቦታውን ይዙር። የሚቀረው ትንሹ ነው፦ የጠርሙስ ክዳን፣ የቆሎ ላስቲክ፣ የገመድ ቁራጭ። የብርቱካን ልጣጭና የእንቁላል ቅርፊትም አብሮ ይጫን፤ ቶሎ አይበሰብስም፣ ድብንም ይጠራል። ሁለት ጠንካራ የቆሻሻ ከረጢት፣ አንዱን በአንዱ ውስጥ፣ ለሦስት ሰው ሁለት ሌሊት ይበቃል።