ዳታችሁ ስንት ጉብታ አለው? የከርነል ዴንሲቲ ከርቭ አሠራር

እጃችሁ ላይ የቁጥሮች ዝርዝር አለ እንበል። የጥበቃ ደቂቃ፣ የቤት ኪራይ፣ የታካሚ ዕድሜ፣ የፈለገው ይሁን። ቁጥሮቹ የት የት እንደሚከማቹ ማየት ትፈልጋላችሁ። አማካይ ብቻውን ይህን አያሳይም። ቁጥሮቹን በእኩል ሳጥኖች ከፋፍሎ በየሳጥኑ ያሉትን የሚቆጥረው ሂስቶግራም ያሳያል፤ ግን የመጀመሪያውን ሳጥን መነሻ ትንሽ ብታንቀሳቅሱት ምስሉ ይለወጣል። «ዳታው ኖርማል ነው»፣ ማለትም አንድ ጉብታ ያለው የደወል ቅርጽ ነው፣ ብሎ መነሳት ደግሞ ገና ሳያዩ መፍረድ ነው። የከርነል ዘዴ ቅርጹን አስቀድሞ አይወስንም፣ ከራሱ ከዳታው ያወጣዋል። መሠረቱን የጣሉት መሬይ ሮዘንብላት እ.ኤ.አ. በ1956 እና ኢማኑኤል ፓርዘን በ1962 ባወጧቸው ጽሑፎች ነው።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ቁጥሮቹ ባሉበት ቦታ ሁሉ አንድ አንድ እፍኝ ጤፍ አፍስሱ። እፍኙ ለሁሉም እኩል ነው። ቁጥሮቹ በተቀራረቡበት እፍኞቹ ይደራረቡና ክምሩ ከፍ ይላል። የእፍኙ ቅርጽ ከርነል ይባላል። ምን ያህል እንደምትበትኑት የሚወስነው ባንድዊድዝ ነው፤ ከዚህ በኋላ ስፋት እለዋለሁ።

መጀመሪያ በእጃችሁ አስሉ

ሶፍትዌር ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ነጥብ በካልኩሌተር ሥሩ። ይህን እርምጃ የሚዘል ሰው ስፋት ምን እንደሚያደርግ ሳይገባው ይቀራል።

አሜሪካ የሎውስቶን ፓርክ ውስጥ ኦልድ ፌይዝፉል የሚባል፣ ውሃውን እየቆየ ወደ ሰማይ የሚረጭ ፍልውሃ አለ። የ272 ርጭቶቹ ዳታ አር ከሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ጋር አብሮ ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ አምስት ርጭቶች የቆዩት 3.600፣ 1.800፣ 3.333፣ 2.283 እና 4.533 ደቂቃ ነው። 3.5 ደቂቃ ላይ ከርቩ ምን ያህል ከፍ ይላል?

ኤፓነችኒኮቭ የሚባለውን፣ የተደፋ ጎድጓዳ ሳህን የሚመስለውን ከርነል እንጠቀም። ከ3.5 እስከ ቁጥሩ ያለውን ርቀት በስፋቱ አካፍሉ። ውጤቱን በራሱ አባዙ፣ ከ1 ቀንሱት፣ ከዚያ በ0.75 አባዙ። ርቀቱ ከስፋቱ ከበለጠ ያ ቁጥር የሚያዋጣው ዜሮ ነው።

ስፋቱ 1 ደቂቃ ሲሆን 3.600 የሚያዋጣው 0.7425 ነው። 3.333 ደግሞ 0.7291 ያዋጣል። የቀሩት ሦስቱ ሩቅ ስለሆኑ ዜሮ። ድምሩ 1.4716። ይህን በቁጥሮቹ ብዛትና በስፋቱ ብዜት፣ ማለትም በ5 ስናካፍል 0.29 እናገኛለን።

አሁን ስፋቱን ግማሽ ደቂቃ አድርጉና ድገሙት። ድምሩ 1.3863፣ ማካፈያው 2.5፣ መልሱ 0.55። ዳታው ያው፣ ነጥቡም ያው ነው። ከፍታው ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

የከርነሉ ቅርጽ

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አታጥፉ። የኤፓነችኒኮቭን ብቃት 1 ብንለው የደወል ቅርጽ ያለው ጋውሲያን 0.95፣ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነው የሳጥን ከርነል 0.93 ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል ጠባብ ነው። ሳጥኑ ግን ከርቩን እንደ ደረጃ ስለሚቆራርጠው ለምስል አልመርጠውም። ጋውሲያን ይዛችሁ ቀጥሉ።

ስፋቱ፦ ዋናው ሥራ እዚህ ነው

በጣም ከጠበበ ከርቩ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። በጣም ከሰፋ ሁሉም ነገር አንድ ኮረብታ ውስጥ ይቀበራል።

አር ራሱ የሚሰጣችሁ የሲልቨርማንን ደንብ ነው። ደንቡ ስታንዳርድ ዴቪዬሽንን (ቁጥሮቹ ከአማካዩ የሚርቁበትን ልክ)፣ ወይም የሩብ-ለሩብ ርቀት (መካከለኛው ግማሽ ዳታ የሚይዘው ርዝመት) በ1.34 ተካፍሎ የሚገኘውን፣ ከሁለቱ ያነሰውን ይወስዳል። በ0.9 ያባዛና በዳታው ብዛት አምስተኛ ሥር ያካፍላል። አምስተኛ ሥር ስለሆነ ስፋቱን በግማሽ ለመቀነስ 32 እጥፍ ዳታ ያስፈልጋል። ችግሩ፣ ደንቡ የተቀመረው ዳታው ኖርማልን ይመስላል ተብሎ ነው። ሁለት ጉብታ ያለው ዳታ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ይለጠጣል፣ ስፋቱም አብሮ ይለጠጣል። ለኦልድ ፌይዝፉል ደንቡ 0.33 ደቂቃ ሲሰጥ፣ ሺዘርና ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1991 ያቀረቡት ዘዴ 0.14 ይሰጣል። እኔ የማምነው ሁለተኛውን ነው። አር ላይ የስፋቱ ቦታ ላይ "SJ" (ኤስጄ) ብሎ መጻፍ ብቻ ነው።

ሌላው ወጥመድ፣ አንዱ ሶፍትዌር «ስፋት» የሚለው ከሌላው ጋር አንድ አይደለም። ሳይኪት-ለርንና ሳይፓይ የፓይተን ፕሮግራም ቋንቋ መሣሪያዎች ናቸው። ሳይኪት-ለርን ምንም ካልነገራችሁት 1 ይወስዳል፣ በዳታው መለኪያ። ሳይፓይ ግን የሰጣችሁትን ቁጥር በዳታው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ያባዛዋል። አር ደግሞ ስፋት የሚለው የከርነሉን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነው። ስለዚህ እዚያ የኤፓነችኒኮቭ እፍኝ ከስፋቱ 2.24 እጥፍ ርቆ ይበተናል። በእጃችን ባሰላነው ግን ልክ ስፋቱ ላይ ያበቃል።

ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። የአንድ ጤና ጣቢያ የጥበቃ ደቂቃዎች ነበሩኝ። ከሌላ ኮድ 1ን ገልብጬ ሳይፓይ ላይ አስገባሁ። አንድ ደቂቃ መስሎኛል። የዳታው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 26 ደቂቃ ስለነበር ስፋቱ 26 ሆነ። አንድ ለስላሳ ኮረብታ ወጣ፣ ጫፉ 40 ላይ። «አብዛኛው ሰው 40 ደቂቃ ያህል ይጠብቃል» ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ካርድ ክፍል የምትሠራ ሴት አየችውና «እዚህ 40 ደቂቃ የሚጠብቅ ሰው አላየሁም» አለችኝ። «ቀጠሮ ያለው በሩብ ሰዓት ይገባል። የሌለው ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆያል።»

ዜሮ ላይ ያለው አጥር

ያን ቀን ምልክቱ ፊቴ ነበር። የከርቩ ጭራ ከዜሮ በታች ወርዷል። ከዜሮ በታች የሚጠብቅ ሰው የለም። እኔ ግን ምስሉን ከዜሮ አስጀምሬ ጭራውን ቆረጥኩት። እንዲህ አታድርጉ። የተቆረጠው ቦታ እውነተኛ ሰዎች የነበሩበት ድርሻ ነው፤ ከከርቭ በታች ያለው ቦታ በጠቅላላ 1 መሆን ሲገባው የቀረው 1 አይሞላም።

መፍትሔው ማንጸባረቅ ነው። ስፋቱን ከዋናው ዳታ ምረጡ። የእያንዳንዱን ቁጥር ነጌቲቭ ዝርዝሩ ላይ ጨምሩና ከርቩን በዚያው ስፋት ሥሩ። ከዜሮ በላይ ያለውን ብቻ ወስዳችሁ ከፍታውን በ2 አባዙ። ስፋቱን ከተንጸባረቀው ዝርዝር ብታሰሉት ግን በጣም ይሰፋባችኋል።

ሦስት ጊዜ ሣሉ

የመረጣችሁትን ስፋት፣ ግማሹንና እጥፉን በአንድ ምስል ላይ ሣሉ። በመረጣችሁትም በግማሹም ጎልቶ የሚታይ ጉብታ ካለ ስለ እሱ መጻፍ ትችላላችሁ። በግማሹ ብቻ የሚታይ ከሆነ ቆይታችሁ መርምሩት።

የጤና ጣቢያውን ዳታ በ6 ደቂቃ ስፋት ደግሜ ሣልኩት፣ በ3 እና በ12ም ጭምር። በሦስቱም አንዱ ጉብታ 15 አካባቢ፣ ሌላው 65 አካባቢ ነበር። 40 ላይ ሸለቆ ነው። ሪፖርቱን አስመልሼ አረምኩ፤ ምስሉን ግን መጀመሪያ ያሳየሁት ለካርድ ክፍሏ ሴት ነው።