«ሾተላይ ነው» ብሎ መተው፣ እና ሌሎች ስህተቶች

ደሴ ውስጥ ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። አንድ ቀን ከባቲ በኩል የመጣች እናት የአራት ወር ልጇን ደም ለማስመርመር ገባች። የልጁ ተቅማጥ ሦስት ሳምንት አልቆመም። ምላሱ ላይ እርጎ የተለቀለቀ የሚመስል ነጭ ነገር አለ።

«ስንተኛሽ ነው?» አልኳት።

«ሦስተኛዬ። ሁለቱ ወንዶች አልበረከቱልኝም፤ ሾተላይ ናት ይሉኛል።»

የመጀመሪያው ስህተት ይሄው ነው። ዛሬ ሐኪም ቤት ሾተላይ ሲባል የእናትና የጽንስ ደም በአርኤች (ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ በሚባለው የደም ዓይነት) አለመጣጣሙ ነው። እሱ የሚጎዳው በአብዛኛው ማሕፀን ውስጥ ወይም በተወለዱ በቀናት ውስጥ ነው። የእሷ ልጆች ግን ድንቡሽቡሽ ብለው ተወልደው፣ ሁለት ሦስት ወር ቆይተው ነው መክሳት የጀመሩት። ሕፃን ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የሚወጣው የመከላከያ ስንቅ ለጥቂት ወራት ይይዘዋል። ከዚያ የራሱን ማምረት አለበት። ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች በዘር ምክንያት ያልተፈጠሩለት ልጅ ግን የሚያመርተው የለውም። ይህ በዘር የሚመጣ የመከላከል አቅም ማጣት ነው፤ ከባዱ ዓይነት «ስኪድ» ይባላል።

ሁለተኛው ስህተት የእኛው የላቦራቶሪ ሰዎች ነው፤ እኔንም ጨምሮ። ሲቢሲው፣ ማለትም የደም ሴሎች ቆጠራው፣ ወጣ። ጠቅላላ ነጭ ሴል 6000። ሊምፎሳይት 18 በመቶ። መሣሪያው ምንም ምልክት አላደረገበትም፤ እኔም ወረቀቱን ላስረክባት ነበር። ግን አባዙት፦ 1080። ለአዋቂ ደህና ቁጥር ነው፤ መሣሪያውም የተሞላው በአዋቂ ልክ ነበር። በዚያ ዕድሜ ያለ ጤነኛ ሕፃን ግን ብዙ ጊዜ ከ4000 በላይ አለው። ከ3000 በታች ከሆነ መደገምና መጠየቅ አለበት። በእስክሪብቶ ከበብኩትና ሐኪሙ ጋ ራሴ ሄድኩ። አንዳንድ ስኪድ ያለበት ልጅ ቁጥሩ ደህና ሊመስል ስለሚችል፣ ምልክቱ ካለ በቁጥሩ ብቻ መዘናጋት አይገባም።

«ኤችአይቪው ነፃ ነው» ተብሎ ወደ ቤት መመለስም አለ። ነፃ መሆኑ ደስ ይላል። የመከላከል አቅም የሚጠፋው ግን በኤችአይቪ ብቻ አይደለም።

«ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የተጋባነው፣ በዘር የሚመጣ ነገር የለብንም» የሚሉም ብዙ ናቸው። የሥጋ ዘመድ ጋብቻ አንዳንዶቹን ዓይነቶች ያበዛል፤ እውነት ነው። የታወቀው የስኪድ ዓይነት ግን በእናት በኩል ብቻ ይመጣል፤ እሷ ጤነኛ ናት፣ ከሚወለዱላት ወንዶች እያንዳንዱ ግማሽ በግማሽ ዕድል የመታመም ነገር አለው። ስለዚህ የሚጠየቀው «በእናትሽ በኩል ሕፃን ሆኖ የሞተ አጎት አለሽ?» ነው። ወቀሳ ግን አይደለም፤ አማቶች ይስሙልኝ።

ክትባት ላይ ስህተቱ ሁለት አፍ አለው። የቲቢ ክትባቱ ቢሲጂ፣ በአፍ የሚሰጠው ፖሊዮ፣ የተቅማጥ ክትባቱ ሮታና ኩፍኝ ሕያው ግን የተዳከመ ጀርም ያለባቸው ናቸው፤ ለእነዚህ ልጆች አደገኛ ናቸው። ቢሲጂና ፖሊዮ ደግሞ እንደተወለደ ነው የሚሰጡት። ቀደም ሲል እንዲህ የሞተ ልጅ ካለ፣ ከመውለድ በፊት ለሐኪም መንገር ነው። ይህን ሰምቶ ጤነኛ ልጅን ከክትባት ማስቀረት ደግሞ የባሰ ጥፋት ነው።

ልጁ ሲከሳ እንጥል ማስቆረጥ፣ የወተት ጥርስ ማስነቀል? በፍጹም። መከላከያ የሌለው ልጅ አፍ ውስጥ ቁስል መክፈት ነው። የወዳጃ ጸሎቱም ጠበሉም ይቀጥል፤ ምላጩ ይቅር።

ደም መስጠት ካስፈለገም ጨረር ያለፈበት መሆን አለበት፤ አለዚያ የለጋሹ ሊምፎሳይቶች ልጁን ራሱን ያጠቁታል።

የመጨረሻው «ትንሽ ይጠንክር፣ ከዚያ እንወስደዋለን» ማለት ነው። አይጠነክርም። ዋናው መድኃኒት የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ ነው፤ ሦስት ወር ተኩል ሳይሞላቸው ከተደረገላቸው ከመቶ ዘጠና በላይ በሕይወት እንደሚቆዩ አሜሪካ ውስጥ ታይቷል። እዚያው ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ1971 የተወለደው ዴቪድ ቬተር ገና እንደተወለደ ጀርም ወደማይገባበት የፕላስቲክ ክፍል የገባው፣ ወላጆቹ ከእሱ በፊት በዚሁ በሽታ ወንድ ልጅ ስላጡ ነበር። የባቲዋ እናት ሁለት አጥታ ነው የመጣችው። እስከዚያ ቀን የጠየቃት አልነበረም።