ሞተር አልዞር ሲል፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ባትሪና ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳው) ጤነኛ መሆናቸውን አይታችኋል ብዬ ልጀምር። ማርሹ ነፃ ላይ ሆኖ የክራንክ ሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) ብሎን በረጅም ቁልፍ ስትሞክሩት ንቅንቅ አይልም። ገና ሞተሩ ሞተ አትበሉ። ቺንጋውን አውልቁና ድገሙት። ከዞረ የነከሰው ቺንጋው ከሚያዞራቸው አንዱ ነው፤ ለምሳሌ ዲናሞው ወይም የኤሲ ኮምፕሬሰሩ።

አሁንም እምቢ ካለ ካንዴላዎቹን ፍቱ። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ካለ በሞተሪኖ አትምቱ፤ ውሃ አይታመቅም፣ ቢየላ (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያያይዘውን ዘንግ) ያጣምማል። ለወራት ቆሞ የዛገ ከሆነ ደግሞ በካንዴላው ቀዳዳ ቀጭን ዘይት ጨምራችሁ 2 ወይም 3 ቀን አቆዩት፣ ከዚያ በእጅ ቀስ እያላችሁ ወዲያ ወዲህ አድርጉት። ብዙ ጊዜ ይፈታል። በሙቀት የያዘ ሲቀዘቅዝ ሊዞር ይችላል፤ ዳነ ብላችሁ አትንዱት፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ተጣሞ ሊሆን ይችላል።

እኔ ደጋግሜ የማገኘው ግን በዘይት እጦት የነከሰ ሞተር ነው። ታሪኩ ሁሌም አንድ ነው። ቀይዋ የዘይት መብራት በራች፣ ቀጥሎ ከታች የሚያንኳኳ ድምፅ መጣ፣ ሾፌሩ "ቤት ልድረስና አሳየዋለሁ" አለ። ያቺ መብራት የዘይት ግፊት ወረደ ማለቷ ነው። ስትበራ እዚያው አጥፉ! ዘይት ቼክ ማድረግ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

እዚህ ላይ ኮፓውን (የታችኛውን የዘይት መያዣ) ሳታወርዱ ምንም አትወስኑ። የዘይት ማጣሪያውንም ቆርጣችሁ ወረቀቱን ዘርጉት። መዳብ የሚመስል ብልጭታ ካለ ቤሪንጎቹ (ክራንኩ የሚዞርባቸው ስስ ሽፋኖች) ተበልተዋል። ከዚያ የክራንኩን ገላ በጥፍር ዳስሱ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ቢኖርም ብዙዎቹ በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊሜትር ተሞርደው ወፈር ያለ ቤሪንግ ይገባላቸዋል። ሲሊንደሩም ደህና ከሆነ አሳድሱት። ቢየላው ብሎኩን ከበሳው፣ ወይም ክራንኩ በሙቀት ከጠቆረና ሲሊንደሮቹም በጥልቀት ከተቧጠጡ ግን ቀይሩ። ልኩ የተዛባ ርካሽ ቤሪንግ ደግሞ አትቀበሉ፤ ስንቱን ደህና ክራንክ ሲበላ አይቻለሁ።

መቀየርም ብቻውን አያድንም። አንድ ጊዜ ያገለገለ ሞተር ገጠምን፤ የድሮውን የዘይት ማቀዝቀዣ አጥበን መለስነው። ውስጡ የቀረው የብረት ብናኝ ሁለተኛውንም ሞተር ፈጀው። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ከፈለ፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሁን ማቀዝቀዣው አዲስ ካልሆነ አልገጥምም። ያገለገለ ስትገዙም ኮምፕሬሽኑን (ሲሊንደሮቹ አየር የሚያምቁበትን ግፊት) አስለኩ፣ በሲሊንደሮቹ መካከል ሰፊ ልዩነት ካለ ተዉት። ከተገጠመ በኋላ ደግሞ ነዳጁን ዘግታችሁ፣ የዘይት መብራቷ እስክትጠፋ ድረስ አረፍ እያላችሁ በሞተሪኖ አዙሩት። ከዚያ አስነሱት።