ባትሪው አዲስ ነው፣ ቦርዱ ግን ይጠፋል፦ ችግርና መፍትሄ

በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር ተያይዞ ያለ እንከን ሲሠራ የከረመ፣ እንደ አርዱይኖ ያለ በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ፣ ቆቦ ማሳ ውስጥ የአፈር እርጥበት እንዲለካ ወይም ደላንታ ላይ ቅዝቃዜ እንዲመዘግብ በባትሪ ሲተከል ብዙ ጊዜ አይበረክትም። ያኔ የሚመጣው የመጀመሪያ ሐሳብ «ትልቅ ባትሪ እንግዛ» ነው። ገንዘቡ ይወጣል፣ ችግሩ ይቀራል። ባትሪ ሲመረጥ ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ በጠቅላላ ምን ያህል ይዟል፣ በአንድ ቅጽበት ምን ያህል ማቀበል ይችላል፣ ቮልቴጁስ ከሙሉ እስከ ባዶ ከየት ወደ የት ይወርዳል። ሽፋኑ ላይ በጉልህ የሚታተመው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ትልቅ ሮቶ በጠባብ ቧንቧ ቢገጠም ግቢውን ሁሉ አያጠጣም።

ወደ ምልክቶቹ ከመሄዳችሁ በፊት ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያዙ። የሚለካው ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ባትሪ አይደለም፤ መሣሪያው እየሠራ ሳለ ቦርዱ ላይ የሚደርሰው ቮልቴጅ ነው። የደከመ ድንጋይ ሸክም በሌለበት 9 ቮልት ሊያሳይ ይችላል። ያ ቁጥር ከባለሱቅ ጋር ለመከራከር ካልሆነ ለሌላ አይረባም።

ሞተሩ ሲንቀሳቀስ ቦርዱ እንደገና ይነሳል

ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ አራት ማዕዘኑ የ9 ቮልት ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ ለጭስ ጠቋሚና ለመሳሰሉት ጥቂት ለሚጠጡ ዕቃዎች የተሠራ ነው። ጥሩው አልካላይን እንኳ የሚይዘው ወደ 500 ሚሊአምፔር ሰዓት (የጠቅላላ ይዘት መለኪያ) ነው። አርዱይኖ ኡኖ ምንም ሳይሠራ ወደ 45 ሚሊአምፔር ስለሚወስድ፣ ሞተር ባይኖርም ድንጋዩ አሥር ሰዓት ገደማ ቢቆይ ነው። ትንሽ ሰርቮ ሞተር (በትእዛዝ ወደሚፈለገው አቅጣጫ የሚዞር) ሲጨመር ደግሞ ፍላጎቱ ለቅጽበት ከ500 ሚሊአምፔር ሊያልፍ ይችላል። የድንጋዩ ውስጣዊ ተቃውሞ ከፍተኛ በመሆኑ ቮልቴጁ ይወድቃል፤ ኡኖ በዩኤስቢ ሳይሆን በባትሪ መሰኪያው በኩል ሲመገብ ቢያንስ 7 ቮልት ስለሚፈልግም ቦርዱ ይጠፋል። ርካሹ የካርቦን ዚንክ ድንጋይማ ከዚህም የባሰ ነው።

መፍትሄው ስድስት ቀጫጭን የኤኤ አልካላይን ድንጋዮችን በተከታታይ ማሰር ነው። ድምራቸው ያው 9 ቮልት ሆኖ ይዘታቸው አራት እጥፍ ገደማ ነው፣ ሲጫኑም ቶሎ አይወርዱም። ሰርቮውን ለብቻው በአራት ቻርጅ በሚደረጉ የኒኬል ድንጋዮች አብሉት፤ የሁለቱን ምንጮች ኔጋቲቭ ግን አገናኙ። ኔጋቲቩ ካልተገናኘ ሰርቮው ትእዛዙን አይረዳም፣ ዝም ብሎ ይንቀጠቀጣል።

ደሴ ላይ መልእክት ይልካል፣ ገጠር ሲወርድ መላክ ሲጀምር ይጠፋል

ይህኛው ብዙ ሰው ፕሮግራሙን እየፈተሸ የሚደክምበት ነው። ፕሮግራሙ ምንም አልሆነም። ሲም 800ኤል የተባለው የመልእክት መላኪያ ሞጁል ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ይፈልጋል፣ ሲያስተላልፍም ለአጭር ቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይስባል። የስልክ ምሰሶ ቅርብ ከሆነ በዝቅተኛ ኃይል ይልካል። በሽሎ ሸለቆ ውስጥ ወይም ከተራራ ጀርባ ሲሆን ግን ምሰሶው እንዲሰማው በሙሉ ኃይሉ ይልካል። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ያለፈ ፈተና ስለ ሸለቆው ምንም አይነግራችሁም።

አሁን ሒሳቡን እዩ። ቀጫጭኖቹ የብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ መሞከሪያ ሰሌዳ) ሽቦዎችና መሰኪያዎች ተደምረው 0.2 ኦም ተቃውሞ ቢኖራቸው፣ 2 አምፔር ሲያልፍ 0.4 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ባትሪው 3.7 ቮልት ቢኖረው ሞጁሉ ጋ የሚደርሰው 3.3 ነው፣ ከሚፈቀደው በታች። ቴስተሩ ይህን አይዝም፤ እያንዳንዱ የማስተላለፊያ ቅጽበት ከአንድ ሚሊሰከንድ ስለሚያንስ ማሳያው አማካዩን ብቻ ያሳያል።

ወፍራምና አጭር ሽቦ ተጠቀሙ፣ በብየዳ አያይዙት፣ ሞጁሉ እግር ሥር 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ኃይል አጠራቅሞ በቅጽበት የሚሰጥ) አስቀምጡ። ምንጩ አንድ ጤነኛ የ18650 ሊቲየም ሴል (ላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ የሚገኘው ክብ ድንጋይ) ይሁን፤ ሲሞላ 4.2 ቮልት ስለሆነ በቀጥታ መገናኘት ይችላል። ከአርዱይኖው የ5 ቮልት እግር አትመግቡት፤ ቮልቴጁም ይበዛበታል፣ ቦርዱም 2 አምፔር የማቀበል አቅም የለውም።

ባትሪው ሙሉ ሳለ ይሠራል፣ ግማሽ ሳይደርስ ዋይፋይ ሲከፈት ይጠፋል

ዋይፋይ ባላቸው ኢኤስፒ 32 ቦርዶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ኤኤምኤስ 1117 ሬጉሌተር (ቮልቴጅ የሚያስተካክል ቺፕ) ከሚያወጣው በላይ አንድ ቮልት ገደማ ትርፍ ይፈልጋል። 3.3 ለማውጣት ከ4.3 በላይ ሊገባለት ይገባል፤ ሊቲየም ሴል ደግሞ ሞልቶ እንኳ 4.2 ነው። ስለዚህ ሞልቶ ሳለ በጭንቅ ይሠራል፣ ትንሽ ሲወርድ ይወድቃል። ኮምፒውተር ላይ ስታዩት ብራውንአውት (ቮልቴጅ አነሰ) የሚል መልእክት ካወጣ ምርመራው አልቋል። ብዙ ትርፍ የማይፈልግና 500 ሚሊአምፔር የሚችል ሬጉሌተር፣ ለምሳሌ ኤችቲ 7833፣ አስገቡ። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ሴል ካገኛችሁ ደግሞ ለብቻው ቻርጅ አድርጋችሁ፣ ትንሽ አሳርፋችሁ፣ በቀጥታ 3.3 ቮልቱ እግር ላይ ማያያዝ ይቻላል። እኔ ብመርጥ ይህንን እመርጣለሁ።

ቦርዱ ተኝቷል፣ ባትሪው ግን በአሥር ቀን ያልቃል

እንበልና መሣሪያው በየሰዓቱ ለ5 ሰከንድ ነቅቶ 120 ሚሊአምፔር እየወሰደ መረጃ ይልካል። በቀን ሲደመር 4 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው። ቺፑ ራሱ በጥልቅ እንቅልፍ የሚወስደው 10 ማይክሮአምፔር ገደማ ነው፣ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ቦርዱ ላይ ያሉት ሬጉሌተሩ፣ የዩኤስቢ ቺፑና የማትጠፋው ቀይ መብራት ግን አብረው አልተኙም። ሦስቱ አንድ ላይ 10 ሚሊአምፔር ቢወስዱ በቀን 240 ይሆናል። ሥራው 4፣ እንቅልፉ 240! የ2500 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ በአሥር ቀን የሚያልቀው በዚህ ነው። ባትሪውን እጥፍ ብታደርጉት ሃያ ቀን ታገኛላችሁ፤ ብክነቱን ብትዘጉት ያው ባትሪ ከዓመት በላይ ይሄዳል።

መብራቷን ንቀሉ፣ ሬጉሌተሩን ከላይ በጠቀስኩት ቀይሩ፣ የእርጥበት መለኪያውንም ስትለኩ ብቻ በትራንዚስተር (በፕሮግራም የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) አብሩት። ከዚያ ቴስተሩን በተከታታይ አስገብታችሁ የእንቅልፉን ፍጆታ ለኩ። አንድ ወጥመድ አለ፦ ቴስተሩ በማይክሮአምፔር ክልል ላይ ሲሆን የራሱ ተቃውሞ ቦርዱ እንዳይነሳ ያደርገዋል። ሁለቱን የቴስተር ጫፎች በሽቦ አገናኝታችሁ ቦርዱን አስነሱ፣ ሲተኛ ሽቦውን አንሱ።

ፓወር ባንኩ ራሱን ያጠፋል

ስልኩ ሞልቷል ብሎ ስለሚያስብ ነው። ብዙዎቹ ከ50 እስከ 100 ሚሊአምፔር በታች ሲወሰድባቸው ይዘጋሉ። ለሚተኛ መሣሪያ አትጠቀሙበት።

ሌሊት ይጠፋል፣ ፀሐይ ሲሞቅ ይነሳል

የመቄት፣ የዋድላና የጉጉፍቱ ደጋ ውርጭ ሊቲየም ሴልን ያደክማል፤ ውስጣዊ ተቃውሞው ይጨምራል፣ መላኪያው ሲነሳ ቮልቴጁ ይወድቃል። ይህ በካፓሲተር ይታገዛል። የሚያሰጋው ቻርጁ ነው። ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ ማድረግ ሴሉን በማይመለስ ሁኔታ ይጎዳል፤ ርካሹ የቲፒ 4056 ቻርጅ ቦርድ ደግሞ የሙቀት መቆጣጠሪያ እግሩ ብዙ ጊዜ ከኔጋቲቭ ጋር ታስሮ ስለሚመጣ ብርዱን አያውቅም። ሴሉን በታሸገ ዕቃ አድርጋችሁ መሬት ውስጥ ቅበሩት፣ የፀሐይ ሰሌዳው ብቻ ውጭ ይቅር።

ባቲና ቆቦ ላይ ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው። ፀሐይ ላይ የተሰቀለ ጥቁር ሣጥን በቀላሉ ከ45 ዲግሪ ያልፋል፣ ይህም የቻርጅ ጣሪያው ነው። ሣጥኑን ከሰሌዳው ጥላ ሥር፣ አየር እንዲያልፍ ክፍተት ትታችሁ ስቀሉት። የሐምሌና የነሐሴ ደመናን በተመለከተ፣ በቀን 244 የሚወስድ መሣሪያ ይቸገራል፤ 5 የሚወስደው ግን ክረምቱን ያለ ፀሐይ ያልፈዋል።

9800 የተጻፈበት ሴል ከ1200 አያልፍም

ጽሑፉ ውሸት ነው። ገበያ ላይ ያሉት ምርጥ የ18650 ሴሎች 3500 ሚሊአምፔር ሰዓት አካባቢ ናቸው። ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ የወጣ እውነተኛ ሴል ብዙ ጊዜ ከዚህ «አዲስ» ይሻላል። ሲፈታ ቮልቴጁን ለኩ፦ ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የቆየውን ለማነሳሳት አትሞክሩ፣ ውስጡ ሾርት ሊያደርግ ይችላል። የቀረውን ሞልታችሁ ሁለት ሳምንት አስቀምጡት፤ ከ4.2 ወደ 4.0 የወረደ ከሆነ ይወገድ። ቻርጅ ሲደረግ እጅ የሚያቃጥለውንም እንዲሁ። ሴል ስትበይዱ ብየዳውን በቀጥታ ገላው ላይ አታሳርፉ፤ በፋብሪካ የተያያዘችውን የኒኬል ቅጠል አስቀርታችሁ እሷ ላይ በይዱ፣ ወይም መያዣ ተጠቀሙ። ከሴሉ ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብም ፊውዝ አስገቡ፤ ለሲም 800ኤል 3 አምፔር ይበቃል።