አጽሙ ላልተመለሰ ወታደር መታሰቢያ ስለ ማድረግ

ከሁሉ አስቀድሞ መርዶን ከወሬ መለየት ይገባል። ከጦር ክፍሉ የተጻፈ ደብዳቤ ወይም አብሮት የተሰለፈ ጓዱ በዓይኑ ያየው ምስክርነት ከሌለ፣ በተለይ እናቱ ገና በር በሩን የምታይ ከሆነ፣ ድንኳን ለመትከል መቸኮል በቤተሰብ መካከል ዘመን የማይሽረው ቅያሜ ያስቀራል። ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው ለጠፋ ሰው ዘመዶቹ ለፍርድ ቤት አመልክተው መጥፋቱን ማስወሰን እንደሚችሉ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይደነግጋል፤ ይህ ግን የንብረትና የትዳር ጉዳይ ነው እንጂ ለለቅሶ ፈቃድ አይደለም።

መርዶው ከተረጋገጠና የወደቀበት ቀን ካልታወቀ፣ አርባውንና ሙት ዓመቱን መርዶው ከተነገረበት ዕለት ጀምሮ መቁጠር ይሻላል፤ ቤተሰቡ በአንድ ቀን ካልተስማማ ግማሹ ሲያለቅስ ግማሹ ይረሳልና። ካህናት የሚጸልዩለት በክርስትና ስሙ በመሆኑ ስሙን ከክርስትና አባቱ ወይም ከታላላቆቹ ጠይቆ በጽሑፍ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በሙስሊም ቤተሰብ አስከሬኑ በሌለበት የሚሰገደው ሶላተል ጋኢብ አለ፤ በውጊያ ለወደቀ ሰው ስለ መስገድ ግን ሊቃውንቱ ስለሚለያዩ አስቀድሞ ኢማሙን መጠየቅ ይገባል።

በለቅሶው ላይ በአስከሬኑ ፋንታ የሚቀመጡት ፎቶግራፉና ልብሱ ናቸው። የድሬዳዋ ፀሐይ ፎቶግራፍን በጥቂት ዓመታት ስለሚያደበዝዝ ዋናውን ግድግዳ ላይ አለመስቀል፣ ቅጂውን ብቻ መስቀል ይመረጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የከተማዋ ወንዝ ደቻቱ ሞልቶ ቤት ከነዕቃው እንደወሰደ የሚያስታውስ ሰው፣ ከግንባር የተላኩ ደብዳቤዎችን ቅጂ ሐረር ላለ ዘመድ ቢሰጥ ትርፍ ጥንቃቄ ነው አይባልም።

የመቃብር ድንጋይን በተመለከተ፣ ባዶ ሣጥን ከመቅበር ይልቅ ስሙን በወላጆቹ ሐውልት ላይ ማስቀረጽ የተሻለ ይመስለኛል። ጽሑፉ ግን እውነቱን ይናገር፤ በሶማሊያ ወረራ ጊዜ፣ በ1970 ዓ.ም.፣ ካራማራ ላይ ለወደቀ ሰው «እዚህ አርፏል» ተብሎ አይጻፍም፤ «በካራማራ ግንባር የወደቀ፣ አጽሙ በዚያው የቀረ» ቢባል ይበቃል። ቀራጩ ከስሙ በታች የሁለት መስመር ያህል ባዶ ቦታ እንዲተው ይነገረው፤ አጽሙ የተገኘ እንደሆነ የተቀበረበት ቀን ይጻፍበታል።