ጓሮ፣ የዳብ ሸክላ እና አጭር ሞገድ፦ በመስከረም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክረምቱ ወጣ ሲል የኔ በረንዳ ሥራ ይበዛበታል። ሸክላ ማጫወቻው ከመኝታ ቤት ይወጣል (የምሰማው ዳብ ነው፣ የጃማይካ ሙዚቃ)፣ ሬዲዮው መስኮቱ ላይ ይቀመጣል፣ ከፊት ለፊት ደግሞ አራት መደብ የምትሆን ጓሮ አለች። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ። ሰው «ሦስቱን ምን አገናኛቸው?» ይለኛል። እኔ እንጃ። ብቻ ሦስቱንም ያበላሸኋቸው በአንድ መንገድ ነው፦ በመጨመር። ዘር መጨመር፣ ድምፅ መጨመር፣ ሽቦ መጨመር። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች በሙሉ የኔ ናቸው፣ በነጻ ውሰዷቸው።

የሰው አገር ፀደይ መከተል

ዩቲዩብ ላይ ያለው የጓሮ ባለሙያ «ፀደይ ገባ፣ ዘራችሁን አውጡ» የሚለው በእኛ መጋቢት ነው። ልክ ነው፣ እሱ አገር ውርጩ ሊያልፍ ነው። እኛ ጋ ግን መጋቢት ፀሐዩ አናት የሚበሳበት፣ ጥቁሩ አፈር ጣት እስኪያስገባ የሚሰነጠቅበት ወር ነው። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ይህን ሳላስብ ሰላጣ ዘራሁ። በቀለ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ወግ ያለው ቅጠል ሳይሰጠኝ ሽቅብ ተመዘዘና አበባ አወጣ። ቀመስኩት፤ እሬት ነው።

(በነገራችን ላይ በእኛ ቆጠራ ፀደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። አደይ አበባ አይተን «ፀደይ መጣ» የምንለው መፀው ነው፣ እሱም የሚገባው መስከረም 26 ነው። በስሙ አልጣላም፣ ሥራው ላይ ግን ወሩን አትሳቱ።)

ታዲያ መስከረም ነው ተብሎ በእንቁጣጣሽ ማግስት ዶማ ይዞ መውጣትም ሌላ ጥፋት ነው። ባሕር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፣ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፣ ስለዚህ አዲስ ዓመት ሲገባ አፈሩ ገና ውሃ ጠግቦ ተኝቷል። እርጥብ ዋልካ ከተቆፈረ ሲደርቅ ጡብ ነው። እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ አንድ ጭብጥ አፈር አነሳለሁ፣ እጨምቀዋለሁ፣ እጄን እከፍታለሁ። እንደ ሊጥ የጣቴን አሻራ ይዞ ከቀረ ዶማውን መልሼ እሰቅላለሁ። በአውራ ጣቴ ነካ ሳደርገው ከተፈረፈረ ጊዜው ደርሷል።

ጎመንና ቆስጣ ይታገሳሉ። መደባቸው አንድ ስንዝር ከፍ ካለና ውሃ ካልተኛበት መስከረም አጋማሽ ላይ ሊገቡ ይችላሉ። ቲማቲም ግን ዝናብ አይወድም። ቅጠሉ ረጥቦ ካደረ ይጠቋቁራል፣ በሳምንት ውስጥ እሳት የነካው ይመስላል። ችግኙን በረንዳ ላይ በተቆረጠ ጀሪካን አሳድጉት፣ መስቀል አልፎ ዝናቡ ሲቆርጥ አውጡት። የጀሪካኑን ቂጥ መብሳት እንዳትረሱ።

የበቀለውን ሁሉ ማሳደግ

ይሄኛው ላይ ልቤ ደካማ ነው። የካሮት ዘር ደቃቅ ነው፣ በጣት ቆንጥረው ሲበትኑት ሃምሳ ሆኖ አንድ ቦታ ይወድቃል። ሁሉም ሲበቅል «ነፍስ ያለው ነገር እንዴት ይነቀላል?» ብዬ ተውኩት። ታኅሣሥ ላይ ያወጣሁት የአይጥ ጅራት የሚያክል ካሮት ነው፣ እሱም እርስ በርሱ የተጠማዘዘ። አሁን ሦስት አራት ቅጠል ሲያወጣ አሳሳዋለሁ፣ በአንዱና በአንዱ መካከል አምስት ሳንቲሜትር ያህል እተዋለሁ። ጥብቅ ብሎ የበቀለ ከሆነ መንቀል የጎረቤቱን ሥር ያናጋል፣ በመቀስ ከአፈሩ ጋር ቁረጡት። ከቆስጣ የሳሳው አይጣልም፣ ለጋ ነው፣ ከሽሮ ጋር ግሩም ይሆናል።

ሐይቁ ዳር ላላችሁ ሁለት ነገር ብቻ። እምቦጭን «ነጻ ጉዝጓዝ» ብላችሁ ከሐይቁ ተሸክማችሁ አታምጡ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ያደረገውን ሁላችንም አይተናል፣ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ቆይቶ ይበቅላል፣ የጓሯችሁ ቦይ ደግሞ መጨረሻው ያው ሐይቁ ነው። ሁለተኛ፣ ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል። የሽቦ አጥር ለእሱ ምኑም አይደለም።

ዳብ ውስጥ ዘፋኙን መጠበቅ

ከአጥሩ ወዲያ ያሉት እማማ አንድ ቅዳሜ ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ አንድ ቃል ሳይጨርስ የት ነው የሚጠፋው? ማጫወቻህ ሳይታመም አልቀረም።»

«እማማ፣ እንዲሁ ነው የተሠራው።»

«ጎዶሎውን? በገንዘብህ?»

አብዛኛው ሰው ዳብን መጀመሪያ ሲሰማ የእማማን ጥያቄ ነው የሚጠይቀው። ዳብ ያለቀ የሬጌ ዘፈን ተወስዶ የሚፈርስበት ሥራ ነው። የጃማይካዋ ኪንግስተን ውስጥ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ የቀረጻ ባለሙያዎች የዘፋኙን ድምፅ ያስወግዱታል፣ ጊታሩን ያነሱታል፣ ከበሮና ባስ ይቀራል። ከዚያ ከዘፋኙ አንዲት ቁራጭ ቃል ብድግ አድርገው ገደል ማሚቶ ውስጥ ይወረውሯታል፣ እየተንከባለለች ትሄዳለች። ከእነዚህ ሰዎች ዋናው ኪንግ ተቢ እ.ኤ.አ. በ1989 እስኪገደል ድረስ ሙዚቀኛ ሳይሆን የኤሌክትሮኒክስ ሰው ነበር። ሬዲዮ ይጠግን፣ ማጉያ በእጁ ይሠራ ነበር። እኔ ይህን ሳነብ በየከተማው በር ላይ የተፈታ ሬዲዮ ከምረው የሚቀመጡት ጠጋኞቻችን ናቸው ትዝ ያሉኝ።

ስለዚህ የጎደለውን አትጠብቁ፣ ባሱን ተከተሉ። ከቻላችሁ ደግሞ እንዲህ አድርጉ፦ የጃማይካ ትንንሽ ሸክላዎች ብዙ ጊዜ በፊት ለፊታቸው ዘፈኑን፣ በጀርባቸው «ቨርዥን» የሚባለውን ይይዛሉ። መጀመሪያ ዘፈኑን ሁለት ጊዜ ስሙት፣ ከዚያ ገልብጡት። ምን እንደተነሳ ካላወቃችሁ የቀረው አይጥማችሁም። ለመጀመር የኦገስተስ ፓብሎን ሥራዎች እመክራለሁ። ሜሎዲካ ነው የሚነፋው፣ ያ ልጆች በአፍ እየነፉ በጣት የሚጫወቱበት መሣሪያ። ለኔ ጆሮ ትዝታ ትዝታ ይላል፣ ለናንተ ላይል ይችላል።

አሁን አንድ የሚያሳፍር ነገር ልንገራችሁ። ዘመዴ ከውጭ ሲመጣ አንዲት 7 ኢንች ሸክላ ይዞልኝ መጣ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በደቂቃ በ33 ዙር አጫወትኳት። «ይሄ ነው ጥልቅ ዳብ ማለት» እያልኩ ለመጣ ለሄደው አሰማሁ። ለካ የ45 ዙር ነበረች። መሐሏ ላይ የተጻፈውን እዩ፣ ሌላ ምን እላለሁ።

ስፒከርና ማጫወቻ አንድ ጠረጴዛ ላይ

ባሱ ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጣል፣ ጠረጴዛው መርፌውን፣ መርፌው መልሶ ስፒከሩን። «ኡኡኡ» የሚል ጩኸት ከሰማችሁ እሱ ነው። ስፒከሩን ብሎኬት ላይ ለብቻው አስቀምጡት፣ ድምፁንም ቀንሱ። ዳብ ጮክ ካላለ አይሆንም የሚሉ አሉ፣ ጎረቤት የላቸውም ማለት ነው።

ፀሐይ ላይ ሸክላ አትተዉ። እኔ ችግኝ ላጠጣ ብዬ ግማሽ ሰዓት ብተወው ጠርዙ ምጣድ ላይ እንደ በሰለ እንጀራ ተነሳ። ጭቃ በነካው እጅም አትያዙ። ይሄኛውን ማብራራት አያስፈልግም።

ሬዲዮውን ሳይሆን ቤቱን አጥፉ

አጭር ሞገድ ከፍታችሁ «ዝዝዝዝ» ብቻ ከሰማችሁ ሬዲዮው ተበላሸ ብላችሁ ወደ ጠጋኝ አትሩጡ። አብዛኛውን ጊዜ የሚረብሸው ቤታችሁ ነው። የስልክ ቻርጀር፣ የኤልኢዲ አምፖል፣ የዲሹ ሪሲቨር፣ ሁሉም ይጮሃሉ፣ ጆሯችን አይሰማቸውም እንጂ ሬዲዮው ይሰማቸዋል። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ ይዛችሁ በየክፍሉ ዙሩ፣ ጩኸቱ የት ላይ እንደሚያይል ታገኙታላችሁ። እኔ ጋ ጥፋተኛው ርካሽ ቻርጀር ነበር። ስልክ ሳይሰካበት እንኳ ይጮህ ነበር።

ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ ሞገዱ በደንብ አይገባም። ከስምንት እስከ አሥር ሜትር የሚሆን ቀጭን ሽቦ ከመስኮቱ ወደ ማንጎው ዛፍ ወጥሩ፣ ቆርቆሮውን እንዳይነካ፣ ከመብራት መስመር በጣም እንዲርቅ አድርጉ። ከዚህ በላይ አትጨምሩ። እኔ ሠላሳ ሜትር ዘርግቼ ትንሿ ሬዲዮዬ ስለተጨናነቀች ጣቢያዎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራረቡ። መብረቅ ላይ ደግሞ ቀልድ የለም። በመስከረም ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ደመናው ጠቆር ሲል ሽቦውን ንቀሉና ውጭ ጣሉት፣ ነጎድጓዱ እስኪሰማችሁ አትጠብቁ።

ክረምቱን ሙሉ ድንጋዩን ውስጡ የተዋችሁ ካላችሁ ክፈቱና እዩ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር ከጋገረ በአቼቶ በረጠበ ጥጥ ጥረጉት፣ በደንብ አድርቁት።

ሰዓቱን መሳት

የጣቢያዎች ፕሮግራም የሚወጣው በዓለም አቀፉ ሰዓት (UTC) ነው። ሰው መጀመሪያ ሦስት ይደምራል፣ ከዚያ ወደ እኛ አቆጣጠር ስድስት ይቀንሳል፣ መሐል ላይ ይጠፋል። በቃ ሦስት ቀንሱ። 4 ሰዓት ካለ በእኛ ጠዋት 1 ነው። 18 ካለ 15፣ ከ12 ሲያልፍ ከማታው 3 ሰዓት ማለት ነው።

ሌላው ደግሞ ቀን የሠራውን ሞገድ ማታ መፈለግ ነው። አጭር ሞገድ ከላይኛው አየር እየነጠረ ነው የሚመጣው፣ ያንን ንጣፍ ደግሞ ፀሐይ ናት የምታጠነክረው። ቀን በ19 እና በ16 ሜትር ባንድ (ቁጥሩ የሞገዱ ርዝመት ነው) ፈልጉ፣ ሲመሽ ወደ 31 እና 25 እለፉ፣ ሌሊት ወደ 49። በጥቅምት አጋማሽ ላይ የምትወዱት ጣቢያ ድንገት ከጠፋም አትደንግጡ። ጣቢያዎች በዓመት ሁለቴ፣ በፈረንጆቹ መጋቢትና ጥቅምት መጨረሻ ላይ ፍሪኩዌንሲ ይቀይራሉ። እኔ አንዴ በዚያ ሰሞን ደህና ሬዲዮ ፈታሁ። ሲገጠም ሁለት ብሎን ተረፈኝ፣ እስካሁን መሳቢያ ውስጥ ናቸው።

መብራት ሲጠፋ ማማረር

ባለፈው ጥቅምት፣ ምሽት ላይ። ቆስጣውን አጠጥቼ ጨርሻለሁ፣ ሸክላው እየዞረ ነው። መብራት ጠፋ። ማጫወቻው ቀስ እያለ ሲቆም ባሱ እየወረደ እየወረደ ሄዶ እንደ በሬ አገሳና ዝም አለ። ልሳደብ አፌን ከፈትኩ።

ከዚያ ሬዲዮውን ከፈትኩት። ጩኸት የለም። የሰፈሩ ቻርጀር፣ የሰፈሩ አምፖል፣ የሰፈሩ ቴሌቪዥን ሁሉ አንድ ላይ ጠፍቷላ! ሞገዱ ልክ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ነው። በማላውቀው ቋንቋ አንዲት ሴት ታወራለች፣ ድምጿ ከፍ ይላል፣ ይሰምጣል፣ ተመልሶ ይመጣል። ሞገዱ በተለያየ መንገድ ነጥሮ ሲመጣ አንዴ እየተጋገዘ አንዴ እየተጣላ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ተቢ በእጁ ያደርገው የነበረውን ሰማዩ በራሱ ሲያደርገው ማለት ነው። ከጀሪካኑ ውሃ ይንጠባጠባል። ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ።

ከአጥሩ ወዲያ ሳል ተሰማ።

«ይቺኛዋስ ምን ሆና ነው የምትጠፋው?»

«እማማ፣ እሷን ደግሞ ሰማዩ ነው።»

ትንሽ ዝም አሉ።

«በል እሱን ተወውና፣ ያሳሳኸው ቆስጣ ካለ በአጥሩ አቀብለኝ።»