የዩአርኤል ፓራሜተር ሳታጣሩ ዳታቤዝ ጋ እንዳትልኩት

ራውት (የዩአርኤሉ መንገድ፣ ለምሳሌ /ደረሰኝ/12) ላይ አይዲ ስትቀበሉ ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለባችሁ፣ ከዩአርኤል የሚመጣ ነገር ሁሉ ጽሁፍ ነው፣ 12 ቢመስልም ስትሪንግ እንጂ ቁጥር አይደለም። ጃንጎ ወይ ፍላስክ (የፓይተን ዌብ ፍሬምወርኮች) ከሆነ የምትጠቀሙት ነገሩ ቀላል ነው፣ ራውቱ ላይ ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ብላችሁ ከጻፋችሁ ቁጥር ያልሆነው ፋንክሽናችሁ ጋ ሳይደርስ 404 (አልተገኘም የሚል መልስ) ይመለስለታል።

ኤክስፕረስ (የጃቫስክሪፕት ዌብ ፍሬምወርክ) ላይ ግን ራሳችሁ ናችሁ የምታጣሩት፣ እና ብዙ ሰው ፓርስኢንት (ጽሁፍን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ፋንክሽን) ብቻ አድርጎ ያልፋል፣ እባካችሁ እንደዛ አታድርጉ፣ ምክንያቱም ፓርስኢንት 12ኤቢሲ ስትሰጡት ኤረር አይልም፣ ዝም ብሎ ፊደሉን ጥሎ 12 ይሰጣችኋል፣ በቃ የተበላሸው ሊንክ ትክክለኛ መስሎ ይከፈታል። እኔ ይሄን ባግ ፈልጌ እስካገኘው ስንት ሰዓት ፈጅቶብኛል። ስለዚህ መጀመሪያ በሬጀክስ (የጽሁፍ ቅርጽ መፈተሻ) ሙሉው አሃዝ ብቻ መሆኑን ቼክ አድርጉ፣ ካሬትና ዶላር ምልክቶቹን (^ እና $) ከዳርና ዳር ካላደረጋችሁ መሃል ላይ አንድ ቁጥር ካገኘ ያሳልፈዋል።

ከዛ መጠኑን እዩ። ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ላይ ኢንቲጀር ኮለም ከ2147483647 በላይ አይዝም፣ አንዱ 99999999999 ብሎ ቢጽፍ ኩዌሪው ኤረር ያመጣና ካልያዛችሁት ዩዘሩ 500 (የሰርቨር ስህተት) ያያል፣ ሰርቨራችሁ ምንም ሳይሆን የተበላሸ ይመስላል ማለት ነው። 400 (የተሳሳተ ጥያቄ) ወይ 404 መልሱለት፣ እኔ 404 ይሻላል ባይ ነኝ፣ እንደዛ የሚባል ፔጅ በቃ የለማ።

ደግሞ አይዲው ትክክለኛ ቁጥር ስለሆነ ብቻ ሰውየው ያን ዳታ ማየት ይችላል ማለት አይደለም፣ 12ን ወደ 13 ቀይሮ የሌላ ሰው ደረሰኝ እንዳይከፍት የማን እንደሆነ ኩዌሪው ውስጥ ለብቻ ቼክ አድርጉ።